የኦሉ ከተማ ወፍ ቀማኛ

ወፍ የሚያይ ሰው ባለበት ከተማ ሁሉ ወፍ የሚቀማ ሰው አይጠፋም። ይሄ ቀማኛ መረብ አይዘረጋም፤ ወንጭፍም አያነሳም። ደክመህ፣ በርዶህ፣ ጣትህ ደንዝዞ ያየኸውን ወፍ ለወዳጆችህ ስታወራ ዝም ብሎ ይሰማሃል። ስትጨርስ በሁለት ጥያቄ አፈፍ ያደርግብሃል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤትህ የምትገባው ባዶ እጅህን ነው። ሌሎች ከተሞች ለዚህ ሥራ ሁለትም ሦስትም ሰው ያሰማሩ ይሆናል። በዓለም ሰሜን ጫፍ በረዶ ውስጥ ላለችው ለኦሉ ግን ክቡር አቶ አውሊስ ብቻቸውን ይበቋታል።

በኦሉ ጳጳሱንም አንተ ማለት ነውር የለውም። አውሊስንም ፊት ለፊት ሲያገኛቸው አንተ የማይላቸው የለም። ዞር ሲሉ ግን አንቱታው ሳይጠሩት ከች ይላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሯቸውን በበግ ቆዳ ቆብ የሸፈኑ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በረዶ በሚሰብር መርከብ ላይ ፈጅተው ጡረታ ወጡ፤ መስበሩን ግን አልተዉም። በክረምት የሚጓዙት ከፊቱ ወንበር ባለው፣ ከኋላው ቆመው በእግር በሚገፉት የበረዶ ጋሪ ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ቴሌስኮፓቸው ነው፤ በሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ሐኪም ቤት እንደሚወሰድ ሽማግሌ። እሳቸው ከኋላ ቆመው በአንድ እግራቸው በረዶውን እየረገጡ ሲመጡ ያየ የቡድኑ አባል፣ ያየውን ወፍ በልቡ እንደገና ያጣራል።

ቡድኑ እሑድ እሑድ በወንዙ ዳር ይዞርና ወደ አንዲት ቡና ቤት ይገባል። እያንዳንዱ እንደ አገሩ ልማድ ቡናው ውስጥ አይብ ቆራርጦ ይጨምርና ያየውን ያወራል። አውሊስ አያቋርጡም። ሰውዬው ጨርሶ አንድ ጊዜ ፉት እስኪል ይጠብቃሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ማዘን ብለው፣ «እርግጠኛ ነህ?» ይላሉ።

የቡድኑ ሰብሳቢ ታኔሊ ደግ ሰው ነው፤ የሁሉንም ወፍ ያምናል። አንድ ክረምት ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አጥር ላይ የተቀመጠ ትልቅ ግራጫ ጉጉት አይቶ መጣ። ሲያወራ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። አውሊስ ለምን ያህል ጊዜ ቆሞ እንዳየው ጠየቁት። ብዙ ቆይቻለሁ አለ። አንገቱን አዙሯል ወይ አሉት። ታኔሊ አሰብ አደረገና፣ አይ፣ የተረጋጋ ጉጉት ነበር አለ። በሚቀጥለው እሑድ አውሊስ ከኮታቸው ውስጥ አንድ አሮጌ የጠጉር ባርኔጣ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ታኔሊ ፊት ለፊት አስቀመጡ። «ጉጉትህን አምጥቼልሃለሁ» አሉት። «ቀዝቃዛ ስለነበር ትንሽ አሙቄዋለሁ።»

የግንደ ቆርቁር ድምፅ ሰማን ያሉ አዲስ ተጋቢዎችም ነበሩ። አውሊስ ድምፁ ለምሳ ሰዓት አቁሞ እንደሆነ ጠየቋቸው። አዎ፣ አቁሞ ነበር። እንግዲያስ አናጢ ነው። ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲህ እሑዳቸውን በረዶ በስተው ዓሣ በማጥመድ ነው የሚያሳልፉት፤ ዓሣ ቢያንስ ይዘውት ይመጣሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ አውሊስ ለራሳቸውም አይራሩም። አንድ ጊዜ ገና ሲገቡ ቆባቸውን ሳያወልቁ፣ ባለፈው ሳምንት ያወሩት ንስር ንስር እንዳልነበረ፣ ተመልሰው ሄደው እንዳዩት፣ በነፋስ የተነፋ ቁራ መሆኑን ተናገሩ። «ይሰረዝልኝ» ብለው ተቀመጡ። ሊስቅባቸው ዓመታት የጠበቀው ሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ያለውን ሳቅ ከአይቡ ጋር ዋጠ።

ኤይላ ወደዚህ ቡድን የገባችው ጡረታ በወጣች ማግስት ነው። የጥርስ ሐኪም ነበረች። የሥራ ዘመኗን ሙሉ ስታናግር የኖረችው አፋቸውን ከፍተው የተኙ ሰዎችን ስለነበር፣ ንግግሯን የሚመልስባት ሰው አልለመደችም። በራሷ ትተማመናለች፤ ለዚያም ምክንያት ነበራት። በሁለት ክረምት ውስጥ ዳክዬዎቹን ከሩቅ መለየት፣ ባለ ጉትዬዎቹን ወፎች በድምፃቸው ማወቅ ችላ ነበር። አውሊስም እስከዚያ ጥር ድረስ ከእሷ የቀሙት ነገር አልነበረም።

በዚያ ጥር ብርዱ ከተማዋን ጨምድዶ ያዛት። ወንዙ ከላይ እስከ ታች በረዶ ጋገረ፤ ከግድቡ በታች ያለችው አንዲት ገላጣ ውኃ ብቻ እንደ ድስት ትጨስ ነበር። ኤይላ አንድ ጠዋት ብቻዋን ወደዚያ ወረደች። ከበረዶው ጠርዝ ወደ ውኃው እየጠለቀች የምትወጣውን ባለ ነጭ ደረት ጥቁር ወፍ ስታይ ቆይታ፣ ቀና ስትል፣ ውኃው ላይ ባጋደለችው የአኻያ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ነገር አየች። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካንማ፣ መንቁሯ ረጅም፤ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ናት። በበጋም ቢሆን በዚያ አገር ብርቅ ናት፤ በጥር ደግሞ በሬ ወለደ እንደማለት ነው። ወፏ ቁልቁል ተወረወረች። ትንሽ ዓሣ ይዛ ወጣች፤ ቅርንጫፉ ላይ ቀጥቅጣ ዋጠቻት። ኤይላ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ልታነሳ ስትል ስልኩ በብርድ ሞቷል። ወፏም ውኃውን ታክካ ወደ ላይ በረረች።

እሑድ ለቡድኑ ስታወራ ሳታጋንን፣ እንደ ምርመራ ውጤት ነው ያወራችው። ታኔሊ ከመቀመጫው ተነሳ። ሌሎቹ ግን ወደ አውሊስ ዞሩ። አውሊስ እሷ ፉት እስክትል ጠበቁ። ኤይላም ይህን ስለምታውቅ ስኒዋን አላነሳችም። ሁለቱ እየተያዩ ቡናው ቀዘቀዘ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«አውሊስ፣ የታመመውን ጥርስ ትቼ ጤነኛውን ነቅዬ አላውቅም» አለች። «ያየሁትን አውቃለሁ።»

እሳቸው ግን ብርሃኑ ከየት በኩል እንደነበር ጠየቁ። ከራሷ ከኤይላ ጀርባ ነበር። ርቀቱስ? ከዚህ እስከ ቡና ቤቱ በር ድረስ ይሆናል። በዚህ አገር የተፈለፈሉት ራሳቸው ገና በመኸር ወደ ደቡብ ሲሸሹ ይቺኛዋ ምን ፈልጋ ቀረች? ኤይላ አልጠየቅኳትም አለች። ሰው ሳቀ፤ አውሊስ ግን አልሳቁም። ኤይላ የዚያን ዕለት አይቧን ሳትጨርስ ወጣች። እንደ ሌሎቹ ቅስሟ አልተሰበረም፤ ደሟ ነው የፈላው።

ታኔሊ እንደ ደንቡ ነገሩን ብርቅ ወፎችን ለሚመረምረው የዋና ከተማው ኮሚቴ አስተላለፈ። ኮሚቴው ካልተቀበለው የኤይላ ወፍ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ፣ ከነስሟ፣ ለአገሩ ወፍ ተመልካች ሁሉ ይታያል። በሥራ ዘመኗ አንድም ስሞታ ቀርቦባት ለማታውቅ ሴት ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

አውሊስ ግን ኮሚቴውን የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። ገበያ አዳራሹ ውስጥ አይብ ስታስመዝን ከኋላዋ መጥተው፣ ወፏ ስትቀመጥ ፊቷ ወደ ወንዙ ነበር ወይስ ወደ ዳር አሏት። ወደ ወንዙ አለች። መድኃኒት ቤት ተራ ስትጠብቅ አጠገቧ ተቀመጡና፣ ዓሣውን የዋጠችው በጭራው ነው በጭንቅላቱ አሏት። በጭንቅላቱ አለች፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየ። ከመዋኛ ቤት ፀጉሯ ሳይደርቅ ስትወጣ ደጅ ላይ ጋሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። «ቅርንጫፉ እርጥብ ነበር ወይስ በረዶ የለበሰ?»

ፀጉሯ እዚያው ቆማ ሳለ እንደ ሽቦ ደረቀ። «አላየሁም፤ ወፏን ነበር የማየው» አለች። አውሊስ ራሳቸውን ነቀነቁና ጋሪያቸውን ገፍተው ሄዱ። ኤይላ የዚያኑ ቀን ለታኔሊ ደውላ፣ የኮሚቴውን ውሳኔ እንደሰማች ከቡድኑ እንደምትወጣ ነገረችው። ታኔሊ ለመናት፤ አልሰማችውም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ በብስክሌቷ ድልድዩን ስትሻገር ወደ ታች አየች። ያቺ የተጠቀለለች ቴሌስኮፕ አኻያዋ ሥር ተቀምጣለች። አጠገቧ አውሊስ ቆመዋል፤ ትከሻቸው ላይ በረዶ ተከምሮ፣ ቅንድባቸው ነጥቶ። ሲወርድባቸው የቆየ እንጂ ገና አሁን የመጡ አይመስሉም። ውሸታምነቴን ሊያረጋግጥ እዚህ ድረስ መጣ አለች በልቧ። ብስክሌቷን ጥላ ወረደች።

«ምን ትፈልጋለህ እዚህ?»

«ወፏን።»

«አላምንም ስትል አልነበር?»

«አላምንም አላልኩም» አሉ ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሱ። «ጠየቅኩ።»

«ልዩነቱ ለሰው አይታየውም፣ አውሊስ።»

ያ ለእሳቸውም አዲስ ነገር ይመስል ነበር። ከዚያ አፋቸውን በጓንታቸው ሸፍነው ሳሉና፣ ስትበር ድምፅ አሰምታ እንደሆነ ጠየቋት። ኤይላ መልስ ሳትሰጥ ዳገቱን ወጣች።

የካቲት ሲገባ ከኮሚቴው አንድ ሰው መጣ። ሳምፕሳ ይባላል፤ ወጣት፣ የለዘበ ንግግር ያለው፣ ሹራቡ እንኳ ሰው የማያስቀይም ነው። እሑድ ቡና ቤት ተቀምጦ የሁሉንም ስም ጠየቀ፤ አይቡን አመሰገነ። ኤይላንም በትህትና አዳመጣት። ስትጨርስም ቡድኑ እንዴት ያለ ትጉህ እንደሆነ ተናገረ። በእንዲህ ያለ ብርድ ዓይን እንደሚያነባ፣ ከውኃው የሚነሳው ጭጋግ ቀለም እንደሚያታልል፣ ከላይ ካሉት ቤቶች ሰማያዊ ፕላስቲክ ተሰብሮ ወንዙ ዳር እንደሚቀር አስረዳ። ማንም ዋሸሽ አላላትም። «ቅን ስህተት ነው። የማይሳሳት ማን አለ?» አለ ፈገግ ብሎ።

ለኤይላ ይህ ከአውሊስም የባሰ ነበር። የአውሊስ ጥያቄ ድንጋይ ነው፤ ሰው ድንጋይ ቢወረወርበት መልሶ ይወረውራል። የዚህ ሰው ግን እንደ ጥጥ ነው፤ የሚነከስ ነገር የለውም። ታኔሊ ጠረጴዛውን አየ። ሌሎቹም ስኒያቸውን ያማስሉ ጀመር። እዚያ ቤት ውስጥ ወፏ እየሞተች ነበር፤ ሁሉም ያውቃል።

ከጥግ በኩል ከባድ ሳል ተሰማ። አውሊስ ተነሱ።

«ወፏ ትመዝገብ» አሉ።

ሳምፕሳ ደስ አለው፤ ሁለተኛ ምስክር ካለ ነገሩ ይቀላል። «እርስዎም አይተዋታል ማለት ነው?»

«አላየኋትም። በጥር ቆሜያለሁ፤ አሁንም እየቆምኩ ነው። ላባዋን አላየሁም።»

«ታዲያ በምን…»

«ይህችን ሴት ጠይቄያታለሁ» አሉ። «አይብ ስትገዛ ጠይቄያታለሁ። መድኃኒት ቤት ጠይቄያታለሁ። ፀጉሯ በረዶ ሆኖ፣ ልትመታኝ ሲቃጣት ጠይቄያታለሁ። ያላየ ሰው ስትጠይቀው ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን ወፍ፣ በሁለተኛው ቀን ወፍና ጎጆ፣ በሦስተኛው ቀን ወፍና ጎጆና ጫጩት። ኤይላ አንዲት ላባ አልጨመረችም። ቅርንጫፉ እርጥብ ነበር ወይ ብላት አላየሁም አለችኝ። አላየሁም ማለት የሚችል ሰው፣ አየሁ ሲል አምነዋለሁ።»

ሳምፕሳ ፈገግታውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት፣ ፕላስቲክ በጭጋግ ውስጥ ሲታይ እውነትም የሚያሳስት መሆኑን ሊደግም ጀመረ። አውሊስ ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። ፕላስቲኩ ውኃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ይዞ ሲወጣ ራሱ አይቶ እንደሆነ ጠየቁት። አላየም። ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ዓሣውን ሲቀጠቅጥስ? እሱንም አላየም። አውሊስ የሚወዱትን ጥያቄ፣ በዚያው ባዘነ ድምፅ፣ ከጠየቁት በኋላ ተቀመጡ። እዚያ ቤት ውስጥ በእሳቸው ጥያቄ የተደሰተ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ታኔሊ የሳቀው ሳቅ ለዚያች ባርኔጣም ጭምር ነበር።

ሳምፕሳ ነገሩን ለኮሚቴው እንደገና እንደሚያቀርብ ቃል ገብቶ ሄደ። ኤይላ አመሰግናለሁ ልትል ወደ አውሊስ ጠጋ ስትል፣ እሳቸው ቴሌስኮፓቸውን እየጠቀለሉ ነበር። ስለ ድምፁ የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም አሏት። ድምፅ እንዳልሰማች ነገረቻቸው። «ይሁን» አሉና እየሳሉ ወጡ።

ያ ሳል ግን በዚያው አልቀረም። አኻያዋ ሥር የቆሙበት ብርድ ደረታቸውን መታና አልጋ ላይ ጣላቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ደጅ የሚባል ነገር እንዳያዩ አስጠነቀቃቸው። ቤታቸው ከግድቡ ወደ ላይ፣ ወንዙ ዳር ያለ የእንጨት ቤት ነው። ታኔሊ ሊጠይቃቸው ሄዶ፣ ትኩሳት ላይ ሆነው ስለ አኻያዋ ብቻ ሲያወሩ እንዳገኛቸው ለኤይላ ነገራት።

ኤይላ በማግስቱ ጠዋት የሱፍ ልብሷን ደርባ ወደ አኻያዋ ወረደች። ለምን እንደወረደች ብትጠየቅ፣ ቦታው ባዶ ሲሆን ደስ አላለኝም ነበር የምትለው። ስልኳን በዚህ ጊዜ ከሸሚዟ ሥር፣ ከገላዋ አስጠግታ ይዛዋለች። ጥቁሯ ጠላቂ ወፍ ወጣች፣ ገባች። ዳክዬዎች መጥተው ሄዱ። እግሯን የማትሰማበት ሰዓት ላይ ደርሳ ልትመለስ ስትል፣ ሰማያዊዋ መጥታ ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ አለች። ከበፊቱ ይበልጥ ቅርብ ነበረች።

ስልኩ ሞቆ፣ ነቅቶ እጇ ላይ ነው። አንድ ፎቶ ብታነሳ ለኮሚቴውም ለሳምፕሳም ለአገሩም የሚበቃ ነው። ጣቷ ግን ፎቶውን ትቶ ደወለ። ኮሚቴው በኋላ፣ በመጋቢት፣ ወፏን የተቀበለው ያለ ፎቶ፣ በቃል ብቻ ነው።

አውሊስ አነሱ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«ዝም ብለህ ስማ» አለቻቸውና ስልኩን ወደ ውኃው ዘረጋችው።

መጀመሪያ የሚሰማው የወንዙ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ወፏ ጠለቀች፣ ወጣች፤ የያዘችው ነገር የለም፤ ላባዋን አራገፈች። ከዚያ ከቅርንጫፉ ስትነሳ እንደ መርፌ የቀጠነ ፉጨት አሰማች። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ኤይላ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው። በዚያኛው በኩል ትንፋሽ እንኳ አይሰማም፤ ሞቱ እንዴ ብላ ደነገጠች።

«በየት በኩል ሄደች?» አሉ አውሊስ።

«በግድቡ ላይ አልፋ ወደ ላይ። ወደ አንተ በኩል።»

ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ብርጭቆ ይመስላል። ቀጥሎ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ያልተከፈተ የመስኮት እንጨት ሲንቋቋ ተሰማ። ኤይላ እንዲዘጉት፣ ትኩሳት ላይ እንዳሉ፣ ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ መሆኑን በስልኩ ነገረቻቸው፤ የምታናግረው ግን ነፋስ ነበር። አውሊስ ስልኩን አልጋው ላይ ትተውታል።

ብስክሌቷን በረዶ ላይ እያንሸራተተች፣ ሁለት ጊዜ ወድቃ ተነስታ፣ የእንጨት ቤቱ ደረሰች። በሩ አልተቆለፈም። ዕድሜዋን ሙሉ በሽተኛ ስትገሥጽ የኖረች ሴት ናት፤ የምትናገረውን መንገድ ላይ አሰናድታዋለች። አውሊስ በሁለት በኩል በተከፈተው መስኮት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል፤ ፀጉራቸው ቆሟል፤ ጉልበታቸው ላይ በረዶ አርፏል። ዓይናቸው ወንዙ ላይ ነው። ስትገባ ዞር አላሉም። በእጃቸው ብቻ፣ ቀስ ብላ እንድትራመድ ምልክት ሰጧት።

ኤይላ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ መዝጊያውን ያዘች። ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። ነጩ ወንዝ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ መዝጊያውን ለቀቀችና ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረች። አልጋው ላይ የቀረውን ብርድ ልብስ አንስታ በአውሊስ ትከሻ ላይ ደረበች። ከኩሽና ሌላ ወንበር አምጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች።